ለሱሉልታዋ ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና (ተረከዝ ለሚያማችሁም ጥቆማ)

ሰላም የሱሉልታና የአካባቢዋ ሰዎች። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ሚስቴ «ምስጋና በሆድ አይያዝም፤ በሰው ፊት በል» ስላለችኝ ነው።

ባለፈው እሁድ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጬ ጨረስኩ። ሮጬ ስል እንዳትስቁ፤ 5 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ፈጅቶብኛል፣ ከዚያ ውስጥ በእርምጃ የሄድኩትም ቀላል አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባበት ርቀት ነው እንግዲህ። እኔ ግን ከአሥር ወር በፊት ጠዋት ከአልጋ ስነሳ እስከ መጸዳጃ ቤት የምደርሰው ግድግዳ ተደግፌ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በቀድሞ የሒሳብ መምህራችን ምክንያት ነው። ኩላሊታቸው ታሞ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ያስፈልጋቸዋል። አብረን የተማርን ልጆች ገንዘብ እናሰባስብ ስንባባል አንዱ ተነሣና «ታላቁ ሩጫ እንኳ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኛ ሙሉ ማራቶን ሮጠን እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ለአንድ አንድ ሰው እንሽጣት» አለ። ማን ይሩጥ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሱሉልታ የሚኖር ሰው ሁሉ አትሌት ይመስላቸዋል! 42ቷም ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ተሸጠች። እጥበት ቀጠሮ ስለማይጠብቅ ገንዘቡም ቀድሞ ተከፈለ። 195 ሜትሯን የወሰዳት በቆጣቢነቱ የምናውቀው ጓደኛችን ብቻ «እኔ ሳይ ነው የምከፍለው» አለ።

ስለዚህ ባለዕዳ ሆኜ ነው ልምምድ የጀመርኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጉሙ ሳይገፈፍ ሜዳው ላይ በቡድን የሚሮጡትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ከኋላቸው ተለጥፌ መሮጥ ጀመርኩ። በ43 ዓመቴ፣ ወደ 2,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ለዓመታት ከወንበር ሳልነሳ ኖሬ። በአራተኛው ሳምንት ቀኝ ተረከዜን ከኋላ፣ ጅማቱ ላይ ያዘኝ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ሰውነቴ ሲሞቅ ይለቀኛል። ሲለቀኝ «ዳንኩ» ብዬ እሮጣለሁ፣ በማግስቱ ብሶ ይጠብቀኛል።

ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ቅባት ቀብቶ በአውራ ጣቱ ሲያሸው ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ፤ በማግስቱ መርገጥ አቃተኝ። ወጌሻን ማጣጣሌ አይደለም፣ በልጅነቴ እጄ ወልቆ የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ይሄኛው ግን ወለምታም ውልቃትም አልነበረም። ከዚያ መሀል ከተማ አንድ ቦታ የሃያ ቀጠሮ ሒሳብ በቅድሚያ ክፈል አሉኝ። ሌላው ቦታ ደግሞ መርፌ እንውጋህ አሉኝ፤ ፈርቼ ወጣሁ።

መንገዱን ያሳየኝ ጫማ ሰፊ ነው። የሮጥኩበትን ጫማ ላስጠግን ሰጥቼው ገልብጦ አየውና «ይሄን ጫማ ሁለት ሰው ነው የሚያደርገው እንዴ?» አለኝ። የቀኙና የግራው ሶል አበላሉ የተለያየ ነበር። «አንዲት ልጅ አለች፣ ተረከዝ የሚያማቸውን ወደ እኔ እየላከች ከጎማ ማስደገፊያ ታስቆርጣቸዋለች። እሷ ጋ ሂድ» አለኝ።

ከመድኃኒት ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ ላስቲኮች፣ እንደ ደረጃ የሚወጣባት የእንጨት ሳጥን፤ ሌላ ማሽን የሚባል ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር ልመለስ ነበር። «ዶክተር» ስላት «ዶክተር አይደለሁም ጋሼ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ብላ አረመችኝ። በአንድ እግር ቁመው ተረከዝዎን ያንሱ አለች። በግራ 24 ጊዜ፣ በቀኝ 7። ሰባተኛዋ ላይ ያላበኝን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለ መርፌው ስነግራት ስቴሮይድ ከሆነ ህመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ጅማቱን አዳክሞ ለመበጠስ ሊያጋልጠው እንደሚችል ነገረችኝ። ጅማት ደም በደንብ ስለማይደርሰው የሚድነው ቀስ ብሎ ነው፤ ዝም ብሎ ማሳረፍ ደግሞ ጭራሽ ያሰንፈዋል አለች።

ከዚያ የቤት ሥራ። ደረጃ ጫፍ ላይ በሁለቱም እግር ከፍ ማለት፣ በታመመው እግር ብቻ ቀስ እያሉ ተረከዝን ከደረጃው በታች ማውረድ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ሸብረክ ብሎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ። በቀን 180 ማለት ነው፣ ለ12 ሳምንት። «ያመመኝን ቦታ እንዴት ነው የማሠራው?» ብዬ ስከራከር የስዊድኑን ሐኪም የአልፍሬድሰንን ነገር አጫወተችኝ። የአጥንት ሐኪም ነው፣ ራሱም ሯጭ። ይኸው ጅማት አሞት ቀዶ ጥገና ሥሩልኝ ቢል አለቃው እምቢ አለው። እሱም «ጨርሶ ከተበጠሰ መቼስ ይሠሩልኛል» ብሎ ሆን ብሎ ህመሙን በሚያባብስ እንቅስቃሴ ቢያሠራው፣ ዳነ! በኋላ 15 ሰዎች ላይ ሞክሮት ሁሉም ወደ ሩጫቸው እንደተመለሱ እ.ኤ.አ. በ1998 አሳተመ። እልኸኛ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል ማለት ነው አልኳት። አልሳቀችም። «ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም፤ እርስዎ ላይ መሥራቱን የምናውቀው ሲሠሩት ነው» አለች።

ህመሙን ከ10 ቁጥር እየሰጠሁ በደብተር እንድጽፍ አዘዘችኝ። እስከ 5 ይፈቀዳል፣ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ መቀነስ ነው። ሁለተኛ ቀጠሮዬ ላይ ደብተሩን አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ነው የጻፉት አይደል?» አለችኝ። የሁለት ሳምንቱ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ጥድፊያ ተጽፎ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ተቆጥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ደረጃው ሲቀለኝ 5 ኪሎ ጤፍ በቦርሳ አሸክማ አሠራችኝ፤ ባለቤቴ «ጤፉ ሳይፈጭ አዞረው» እያለች ትስቅ ነበር።

ትልቁ ውለታዋ ግን መከልከሏ ነው። ሩጫው ለፋሲካ ሰሞን ነበር የታሰበው። «አይደርስም» አለችኝ። ኪሎ ሜትሮቹ ተሸጠዋል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ለመንኳት። «ለጓደኞችዎ እርስዎ ይደውሉ ወይስ እኔ ልደውል?» አለች። ደወልኩ። ማንም አልተቆጣም፤ ስፈራ የነበረው በከንቱ ነው። ሩጫ ስትፈቅድልኝ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ብላ ጀመረች፤ እንጦጦን ደግሞ ለወራት ከለከለችኝ፣ ዳገት ይሄን ጅማት ይበልጥ ስለሚስበው።

በጠቅላላው የከፈልኩት የሰባት ቀጠሮ ነው። አንዴ ሌላ ቀጠሮ ልያዝ ብላት «ምን ሊያደርግልዎ? ቤትዎ ይሥሩ» ብላ መለሰችኝ። አንድ ኪሎ ሜትር ትገዛ እንደሆን ስጠይቃትም «የእኔ ድርሻ ተረከዝዎ ነው» አለች።

የጎጃም መንገድ የጭነት መኪና ስለሚበዛበት የሮጥነው ከአስፋልቱ ወጥተን፣ በሜዳው ዳር ባለው የአፈር መንገድ ዙር እየቆጠርን ነው። 31ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቴ ጨበጠኝ፣ ተረከዜ ግን ዝም አለ። ያ ጓደኛችን 195 ሜትር ሲቀረኝ ቆሞ ጠበቀኝና ብሩን በእጁ ይዞ አብሮኝ ሮጠ። ማታ ከእሷ አንድ መልእክት ብቻ ደረሰኝ፦ «ነገ ጠዋት ከ10 ስንት እንደሆነ ይጻፉልኝ።» 2 ነበር።

ስሟን አትጻፍ ስላለችኝ አልጻፍኩም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። መታሸት ብቻ የምትፈልጉ ግን አትልፉ፣ አታሽም። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛባት ብዙ ትጠብቃላችሁ፣ እሁድ አትሠራም። ስትሄዱ የምትሮጡበትን አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ አታጥቡት፣ ሶሉን ገልብጣ ታየዋለች።