ደም መጣጭ የት ይደር? አንኮበር ያደርኩበት የእንግዳ ማረፊያ

ቤቱን የያዝኩት ለመዝናናት አልነበረም። ለሥራ ነው። በድምፅ የሚተረክ ተከታታይ ታሪክ እየጻፍኩ ነው፤ ታሪኩ የቫምፓየር ነው፤ ቀን ተደብቆ ሌሊት የሰው ደም የሚመጥ ፍጡር። ገጸ ባሕርያቱ አሉኝ፣ መጨረሻው አለኝ፤ የጠፋኝ ቦታው ነበር። መጀመሪያ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አኖርኩት፣ አራተኛ ፎቅ። ያነበበችልኝ ጓደኛዬ «ኮሚቴው የጥበቃ መዋጮ ሊጠይቀው ሲያንኳኳ በቀን አይከፍትም። ወር ሳይሞላው አይታወቅበትም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምስጢር የለም። ስለዚህ «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚባልበት የብርድ ሰሞን ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣሁ።

የማረፊያውን ስም አልጠራም። የምወቅሰው ነገር አለ፤ የቤቱን እመቤት ደግሞ ወድጃቸዋለሁ። ቦታው ከአንኮበር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር። ሦስት ሌሊት አደርኩ፤ አዳሩ 600 ብር።

አልጋው ጥሩ ነው። ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ከላዩ ደግሞ ጥቁር የመንዝ ባና ለብሷል። ባናው ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ በግ በግ ይሸታል። አንዴ ከገባችሁበት ግን መውጣት የለም። ሙቅ ውኃ በስልክ «ሌት ተቀን አለ» ተብዬ ነበር። ያለው እሳት ላይ የተጣደ ብረት ድስት ነው፤ ከጠየቃችሁ በጀሪካን ይመጣላችኋል። መብራት ከሦስቱ ሌሊት ሁለቱን አልነበረም። ሻማ ሰጡኝ። ሒሳብ ስዘጋ ወረቀቱ ላይ «ሻማ 2» ተብሎ ለብቻው ተጽፎ አገኘሁት። ስለ ጨለማ ልጽፍ ሄጄ በሻማ መከራከሩ አሳፈረኝና ከፈልኩ።

ትልቁ ጉድለት በሩ ነው። ቁልፉ ይዞራል፣ ግን አይቆልፍም። ለእማማ ስነግራቸው ጓዳ ገብተው አንድ ያረጀ የወፍጮ መጅ ይዘው መጡ። «ይችን ከውስጥ አስደግፊያት። ማንም አይመጣም» አሉኝ። ማንም የማይመጣ ከሆነ መጁ ለምን አስፈለገ? አልጠየቅኳቸውም።

ቤቱ አስጎብኚም ያገናኛል። የኔው ወጣት ልጅ ነበር። ዛፉን ሁሉ በስሙ ያውቃል። ጠዋት የነገረኝን ዋጋ ማታም አልቀየረውም፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ «የሚያስፈራ ቦታ አሳየኝ» ስትሉት የሚያምር ቦታ ይወስዳችኋል።

መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ወጣን። እኔ በሐሳቤ ፍርስራሽ ግንብ፣ ቁራና ጭጋግ ስዬ ነበር። ቁራውስ አልጠፋም። የቀረው ነፋስና ፀሐይ ነው። ከላይ ሆናችሁ እስከ አፋር ቆላ ድረስ አገሩ ተዘርግቶ ይታያል። የሸዋ ነገሥታት እዚህ መቀመጣቸው የሚመጣውን ከሩቅ ለማየትም አይደል? መደበቂያ የሚፈልግ ፍጡር ምን ሊሠራ ይወጣል? ሰረዝኩት።

አንድ ነገር ግን ይዤ ወረድኩ። በፈረንጆች 1841 ሀሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን በግመል አቋርጦ፣ ጠብመንጃና ሌላም ገጸ በረከት ጭኖ እዚህ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ ነበር። ግመል ደግሞ የአንኮበርን ዳገት አይወድም። ከሳጥኖቹ አንዱ ከሌሎቹ ቢከብድስ? ዳገቱ ወገብ ላይ ተሸካሚዎቹ አውርደውት «ይሄስ ምንድን ነው ያለበት?» ቢባባሉስ? የመምጫው ነገር በዚህ አለቀልኝ። ማደሪያው ግን ገና ነበር።

ጣርማበርን ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ፣ ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ አፉ ላይ ጭጋግ። በጣም ጓጉቼበት ነበር። ግን ወደ ደሴ የሚያልፈው መኪና ሌሊቱን ሙሉ ጥሩምባውን እየነፋ ይገባበታል። ሙት እንኳ እዚያ እንቅልፍ አያገኝም።

በማግስቱ ወደ ወፍ ዋሻ ደን ሄድን። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንዠረገግ ነገር አለ። ለፊልም ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እመርጠው ነበር። ግን ደን ውስጥ ሰው የለም፤ ሰው ከሌለ ደም የለም። ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ አገኘን። ትልቁ ወንድ ደረቱ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ምልክት አለው። ሲያዛጋ ጥርሱ ጉድ ነው። «ይኸውልሽ ቫምፓየርሽ» አለኝ ልጁ። ቫምፓየሬ ተቀምጦ ሣሩን መንጨቱን ቀጠለ።

ምግቡን ሳልረሳ። እማማ የሚያቀርቡት የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጠዋት በሶ ነው። ምርጫ የለም፣ ጣዕሙ ግን እንከን አይወጣለትም። በሦስተኛው ምሽት መብራት ስለጠፋ «ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ» ብለው ወደ ራሳቸው ቤት ጠሩኝ። ምድጃው ዳር ተቀመጥኩ። እሳቸው ነጭ ሽንኩርት እየወቀጡ ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ።

«ስለ ደም መጣጭ» አልኳቸው።

«አራጣ አበዳሪ ነው?»

አይደለም፣ ሞቶ የተነሳ፣ ሌሊት ሌሊት የሰው ደም የሚጠጣ ነው ብዬ አስረዳሁ። አሰቡና «ታዲያ ፍትሐት አልተደረገለትም እንዴ?» አሉ። ነጭ ሽንኩርት ይፈራል ስላቸው ሙቀጫቸውን አዩ። «እዚህ አገር ምን ሊበላ ነው እንግዲህ?»

ልክ ናቸው። በየወጡ ነጭ ሽንኩርት፣ በየአንገቱ ማተብ። ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ሕዝብስ በጥርስ ይፈራል? ቦርሳዬን ይዤ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ የሚጠቅመኝ ነገር ሰዓቱ ነው። የቫምፓየር አገር እየተባለ የሚነገርለት ሩማንያ በታኅሣሥ ሌሊቱ 15 ሰዓት ይደርሳል፤ በሰኔ ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ሰዓታችን ራሱ ከጀምበር ጋር ይነሳል፣ ከጀምበር ጋር ይተኛል። እንደ ደመወዝተኛ በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ የሚወጣ ቫምፓየር! (ፀሐይ ትገድለዋለች የሚለውን ያመጣው ፊልም ነው፤ ጥንታዊው ተረት ላይ የለም። ቢሆንም ተመችቶኛል።)

ወደ ክፍሌ ተመልሼ መጁን አስደገፍኩና ባናው ውስጥ ገባሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ይሆናል። ውሻው ጮኸ። ከዚያ ከአጥሩ ውጪ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች!»

ዝም።

«ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ።»

እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። እማማ «ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ» አላሉም። የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ግቢውን ሲያቋርጥ ሰማሁ፤ የአጥሩ በር ተንሻጠጠ። «ግባ፣ ቤት የእግዜር ነው» አሉት። እሱ ግን ወዲያው አልገባም። ደጁ ላይ ቆሞ «ላስቸግር ነው» አለ። «ግባ እንጂ፣ ግባ!» አሉት ደግመው። ሁለት ጊዜ ግባ ተባለ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ መጁን በሁለት እጄ ይዤ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ።

ጠዋት ሳየው ጉንጩ በብርድ የተሰነጣጠቀ ሰውዬ ነው። የተሳፈረበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ በእግሩ ነው የመጣው። እግሩን በሙቅ ውኃ አጥበውታል፣ ሽሮ አብልተውታል፣ ምድጃው ዳር አስተኝተውታል። (ለኔ ሙቅ ውኃ በልመና፣ ለእሱ ሳይጠይቅ። ለኔ 600 ብር፣ ለእሱ ምርቃት። ይሁን።) ሲሄድ «ማን እንደሆነ ሳያውቁ እንዴት በሌሊት ይከፍታሉ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ለጅብ ልተወው?» አሉኝ።

ቡናዬን አስቀምጬ ደብተሬን አወጣሁ። የቫምፓየር ትልቁ ሕግ ምንድን ነው? ካልተጋበዘ የሰው ቤት መግባት አይችልም። ሌላ አገር ይሄ አጥር ነው፤ ያታልላል፣ ይለምናል፣ ዓመት ይጠብቃል። እዚህ «ቤቶች» ማለት ይበቃዋል። መሽቷል፣ ጅቡ ወጥቷል፣ ሴትየዋ እንግዳ መመለስ አታውቅበትም። ቫምፓየሬ ማደሪያ አገኘ።

ከጥንቱ ነገርም ብዙ አልራቅኩም። በፈረንጆች 1732 የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች ሰርቢያ ውስጥ የአንዲት መንደር መቃብር አስቆፍረው የጻፉት ሪፖርት አለ፤ አውሮፓን ያንጫጫው እሱ ነው። እዚያ ላይ ያሉት ቫምፓየሮች መሳፍንት አይደሉም፣ የመንደር ሰዎች ናቸው፤ ተነስተው የመጡትም ወደ ገዛ ጎረቤታቸው ነው ተባለ። ካባውንና ግንቡን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደራሲዎች ናቸው የደረቡላቸው። እኔ ካባውን በበርኖስ ቀይሬዋለሁ።

«ለምን ቡዳ አታደርጊውም፣ የራሳችን አለ አይደል?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። አላደርገውም። በዚያ ስም ስንት ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ከሰርግና ከማኅበር እንደራቀ እናውቃለን። የኔው ከሳጥን የወጣ መጤ ሆኖ ይቅር።

ነጥብ ልስጥ። አልጋና ባና፣ ከአምስት አምስት። ምግብ አራት፤ ከሽሮ ሌላ ብትጨምሩበት። ሙቅ ውኃ አንድ፤ እሷንም ለጀሪካኑ ነው የሰጠሁት። አስጎብኚው አምስት፣ ፍርሃት ባያውቅበትም። የበር ቁልፍ ዜሮ። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው፤ ባትሪ ያዙ፣ ሻማው ይታሰባል። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ከአጥሩ ራቅ ያለውን ክፍል ይጠይቅ።

እማማ ቁልፉን ለፋሲካ አሠራዋለሁ ብለዋል። ካልተሠራ መጁ አልጋው ሥር ነው፣ በግራ በኩል።