እማዬን ወደ ገበታ ለመለሰችልን ባለሙያ

ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አለፉኝ። ትናንት ማታ እማዬ ራሷ «ለዚያች ልጅ ምስጋናውን አልጻፍሽላትም?» ስትለኝ አፈርኩ።

እማዬ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት፤ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በሳምንት ሦስት ጊዜ ትታጠባለች፣ በእያንዳንዱ 4 ሰዓት። መጀመሪያ ላይ ጭንቀታችን ሁሉ ማሽኑና ገንዘቡ ነበር። ስለ ምግቡ የምናውቅ መስሎን ነበር። እጥበት ሳትጀምር «ፕሮቲን ኩላሊት ያደክማል፣ ሥጋና እንቁላል ቀንሱ» ተብለናል። ያኔ ልክ ነበር። እጥበት ሲጀመር ግን ምክሩ እንደሚገለበጥ የነገረን ሰው አልነበረም።

እማዬ ደግሞ ሐኪም ያላትን ነገር አጥብቃ የምትይዝ ሰው ናት። ሥጋና እንቁላሉን ተወች። ቀጥሎ ሙዙን፣ ድንቹን፣ ሽሮውን ፈራች። በመጨረሻ ሩብ እንጀራ በአልጫ መረቅ አጥቅሳ «ጠገብኩ» ማለት ጀመረች። ክብደቷ ግን ከእጥበት በኋላ ሁልጊዜ 52 ኪሎ ነው። እኛም በዚያ ተጽናናን።

ሐምሌ ላይ የእጥበት ማዕከሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ አልጋዋ ጋ መጣች። ከወረቀቱ በፊት የእማዬን እጅ ያዘች። የጋብቻ ቀለበቷ እንዳይወልቅ እማዬ ነጭ ክር ጠቅልላበታለች፣ ሁለት ዙር።

«እማማ፣ ይህን ክር መቼ ነው ያደረጉበት?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው ልጄ።»

ከዚያ በሜትር ክንዷን ለካች። ቀስ ብላም አስረዳችኝ። ሥጋዋ እየሟሸሸ ቦታውን ውሃ እየያዘው ነው፤ ሚዛኑ ላይ ግን ያው 52 ኪሎ ይታያል። ደረቅ ክብደቷ፣ ማለትም ትርፍ ውሃው ወጥቶ ሊኖራት የሚገባው ክብደት፣ እንደገና እንዲታይ ለሐኪሟ የነገረችው እሷ ናት። አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ምርመራም አሠራችልን። 2.9 መጣ፤ ዝቅተኛ ነው። አልቡሚን በምግብ ማነስ ብቻ ሳይሆን በኢንፌክሽንም ስለሚወርድ፣ መጀመሪያ እሱ እንዲጣራ አደረገች።

ቁጥሩ ለምን እንዳስጨነቃት የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ከ12,000 በላይ የእጥበት ታካሚዎችን ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሞትን አስቀድመው ከሚጠቁሙት የደም ምርመራዎች መካከል ዋናው ዝቅተኛ አልቡሚን ሆኖ ተገኘ። እኔ በየሳምንቱ ፖታሲየም (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ማዕድን) ስንት ሆነ እያልኩ ስጠይቅ፣ ይህን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያጥብ በአንድ እጥበት ከ6 እስከ 12 ግራም አሚኖ አሲድ አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ እጥበት ላይ ያለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ለእማዬ ቢያንስ 52 ግራም ማለት ነው። የግማሹን ግማሽ እንኳ አትበላም ነበር።

ልጅቷ ውድ የውጭ ዱቄት ግዙ አላለችንም። የእንቁላል ነጩን ክፍል አዘዘች፤ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ እንደ ፖታሲየም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ፎስፈረስ ግን ትንሽ ነው ያለው። ሥጋ በልክ። ድንቹ ተልጦ፣ ደቆ ተቆርጦ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፤ ፖታሲየሙ አብሮ ይወጣል። የምግቡን ፎስፈረስ ይዞ የሚያስወጣላትን ክኒን እማዬ ማታ በባዶ ሆዷ ነበር የምትውጠው። ከምግብ ጋር ካልሆነ እንደማይሠራ ያየችው እሷ ናት።

ፍልሰታ ሲደርስ እማዬ «እንቁላሉስ ይቅርብኝ» አለች። ልጅቷ አልተከራከረቻትም። «የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ከፈለጉ እኔም አብሬ አስረዳለሁ» አለቻት። አባም «አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ብዪ» ብለው ፈቀዱላት። እማዬ ያን ቀን አለቀሰች። ከዚያ በላች።

ከአምስት ወር በኋላ አልቡሚኗ 3.7 ደረሰ። ደረጃውን ያለ ድጋፍ ትወጣለች። የቀለበቷ ክር ገና አልወለቀም፣ ግን አንድ ዙር ቀርቶታል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጻፍኩም። እጥበት ላይ ያለ ቤተሰብ ያላችሁ፣ የእማዬን ምግብ እንዳለ አትቅዱ፤ የእያንዳንዱ ሰው ደም የተለየ ነው። በምትታከሙበት ቦታ ግን «አልቡሚኑ ስንት ነው? የሥነ ምግብ ባለሙያ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። አዲስ አበባ ናት።