ቱርቦ የቀየረው ጋራዥ እና ምክንያቱን ያገኘው መካኒክ

ለእረፍት አገር ቤት ከርሜ ወደ ዳላስ የተመለስኩት ሰሞኑን ነው። ስለ በረራውም ስለ ሆቴሉም ብዙ የምለው የለኝም፣ ደኅና ነበሩ። የምጽፈው ስለ ጋራዥ ነው። እዚህ ተቀምጠን ለቤተሰብ መኪና ማሠሪያ ገንዘብ የምንልክ ብዙ ነን፤ እኔ ያየሁትን ሌላው ሳይከፍልበት ቢያውቀው እወዳለሁ።

መኪናው የታላቅ ወንድሜ ሃይሉክስ ነው፣ ባለ 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ናፍታ። ይህ መኪና አሜሪካ አይሸጥም። እኔ ግን የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ ባለ ቱርቦ ናፍታ ሞተር የዕለት እንጀራዬ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ መኪናው ጉልበት አጣ፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ መጣ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ወንድሜ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው አንድ ትልቅ ጋራዥ አለ ብሎ ወሰደን። ንጹሕ መቀበያ ክፍል አለው፣ ልጆቹ ቱታ የለበሱ ናቸው፣ ኮምፒውተር ይሰካሉ። ሰክተው አዩና "ቱርቦው ሄዷል፤ ሁለት ቀን ይበቃናል" አሉን።

ሁለቱ ቀን አለፈ፣ ሳምንትም አለፈ። መጀመሪያ ዕቃው ከዱባይ እየመጣ ነው ተባለ። ከዚያ ዕቃውን የሚያመጣው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከዚያ ዶላር ስለጨመረ ዋጋው ይስተካከል ተባለ፤ ቀብድ ከፍለን ዋጋ ከተስማማን በኋላ! ስደውል "ዛሬ ማታ ያልቃል" ይሉኛል፣ ማታ ስሄድ ኮፈኑ እንደተከፈተ ነው። ጅማ ያለችው አክስቴ እጄን ስማ ልትመርቀኝ በየቀኑ ትጠብቃለች፤ እኔ ስንት ዓመት የናፈቅኩትን አገር ጋራዥ በር ላይ ቆሜ አሳልፋለሁ። ያቃጠለኝ ከብሩ ይልቅ ይህ ነው። አንድ ሰው ቀጥ ብሎ "ዕቃው የለንም፣ በዚህ ቀን ይመጣል" ቢለኝ ጅማ በአውቶቡስ ሄጄ እመለስ ነበር።

በመጨረሻ መኪናው ወጣ። የጠየቁን ዋጋ ወንድሜ ኋላ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ከጠየቀው ከእጥፍ በላይ ነበር። ደረሰኙ ላይ "ቱርቦ ከነእጅ ዋጋው" ከሚል በቀር የዕቃ ቁጥር የለም። ካርቶኑን አሳዩኝ አልኩ፣ ተጥሏል አሉ። አሮጌውን ስጡኝ አልኩ፣ እሱም ተጥሏል። ዳላስ የታደሰ ቱርቦ ስትገዛ ሻጩ ለአሮጌው መያዣ ይቆርጥብሃል፣ አሮጌውን ስታመጣ ይመልስልሃል። አሮጌው ዋጋ ስላለው ማንም አይጥለውም። "የመጀመሪያውስ ምን ገደለው?" ስላቸው "አርጅቶ ነዋ!" ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ።

ቱርቦ እንዲሁ አርጅቶ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። አሠራሩን ላስረዳ። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በአንድ ወገን ያለውን ተርባይን ያሽከረክራል። ተርባይኑ በአንድ ቀጭን ዘንግ ከሌላው ወገን ካለው መጭመቂያ ጋር ተያይዟል፤ መጭመቂያው ንጹሕ አየር ስቦ፣ አምቆ፣ በኢንተርኩለር አቀዝቅዞ ሞተሩ ውስጥ ይከታል። አየር ሲበዛ ብዙ ናፍታ በደንብ ይነድዳል፣ ጉልበት ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ እዚያ ቱርቦ ቅንጦት አይደለም፤ ያለ እሱ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል። ያ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ የሚንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሴኮንድ ከተቋረጠ፣ ወይም ቆሻሻ ይዞ ከመጣ፣ ኩሽኔታው ይበላል። ዘንጉ ይላቀቃል፣ የተርባይኑና የመጭመቂያው ምላጮች የቱርቦውን ቤት፣ ማለትም የውጭ ቅርፊቱን፣ ይፍቃሉ፣ ዘይትም ወደ ሞተሩ ያልፋል። ስለዚህ ቱርቦ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ዘይቱ ነው። ያ ጋራዥ ግን የዘይት ቱቦውን እንኳ አልፈታም።

ወደ ጅማ ስንሄድ ግቤን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ፉጨት ሰማሁ። ቀጥሎ ያው ሰማያዊ ጭስ መጣ። ወንድሜን ወዲያው አቁም አልኩት፤ ናፍታ ሞተር በቱርቦው የሚያልፈውን ዘይት እንደ ነዳጅ መጠጣት ከጀመረ ቁልፍ ብታጠፋውም ላይቆም ይችላል። በአይሱዙ ተጭነን ጅማ ገባን።

እዚያ ሰዎች ያሳዩን ጋራዥ ቆርቆሮ የለበሰ ነው፤ መቀበያ ክፍል የለውም። ባለቤቱ ጋሼ ሁሉ የሚሏቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው። ኮምፒውተር ከመሰካታቸው በፊት የአየር ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳበሱ፤ የተቀደደ ቱቦም ልክ እንደሞተ ቱርቦ ጉልበት ያሳጣል። ከዚያ ወደ መጭመቂያው የሚገባውን የጎማ ቱቦ ነቀሉ፣ የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙ። "ልጄ፣ ና ራስህ ያዘው" አሉኝ። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ የጤና ነው፤ የዘይቱ ቦታ ነውና። ይሄኛው ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ምላጩም ግድግዳውን ሲነካ ጣቴ ላይ ተሰማኝ።

"ይሄን የገደለው ሌላ ነው" ብለው ኮፓውን፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ፣ አወረዱ። ዘይት መሳቢያው ወንፊት ጥቁር ፍርፋሪ ተጋግሮበታል፣ በጥፍራቸው ሲፍቁት እንደ ከሰል ይሰባበራል። ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አወጡ፤ ከሥራቸው ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ተቃጥለዋል። የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ነው አሉ። ቀለበቱ ሲያፈስ የእሳቱ ጭስ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይከስላል፣ ወንፊቱ ይዘጋል፣ ከሁሉ በፊት የሚጠማው ቱርቦው ነው። በዚያው ቢነዳ ሞተሩም ተጣብቆ ይቆም ነበር። አዲስ አበባ አዲሱን ቱርቦ የገጠሙት በዚህ ዘይት ላይ ነው!

ቱርቦ ስለመምረጥ ያሉን ይህን ነው። ቁጥሩን የቱርቦው ቤት ላይ ከተለጠፈው ትንሽ የብረት ሳህን አንብብ፤ የቶዮታ ቱርቦ ቁጥር 17201 ብሎ ይጀምራል፣ ከሰረዙ በኋላ ያለውም በሙሉ መግጠም አለበት። መልኩ አንድ ስለሆነ ብቻ አትግዛ። ጋራዡ የገጠመልን ላይ ሳህኑ ጨርሶ የለም፣ ኮፒ ነው። የውስጡን ካርትሪጅ ብቻ መቀየር ይረክሳል፤ ግን በማሽን ባላንስ ካልተደረገ ዕድሜ የለውም። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ተርባይኑ ዙሪያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ክንፎች አሉ፣ ከሚያንቀሳቅሳቸው ትንሽ ሞተር ጋር የተስተካከሉ ናቸው፤ በግምት ገጣጥመህ አይሆኑም። ያገለገለ ከሆነ ዘንጉን ሳትነካ፣ በዘይት አለመርጠቡን ሳታይ ብር አታውጣ። እኛ ኦሪጅናሉን ሙሉውን ከአዲስ አበባ አስመጣን፣ በአውቶቡስ ተላከልን።

ጋሼ ቀለበቶቹን ቀየሩ፣ ኮፓውንና ወንፊቱን አጠቡ፣ የቱርቦውን የዘይት ቱቦ በአዲስ ተኩ፣ ዘይትና ፊልትሮ ለወጡ። ቱርቦውን ከመግጠማቸው በፊት በዘይት ቀዳዳው ዘይት አፍስሰው ዘንጉን በእጃቸው አዞሩት። ሞተሩንም ወዲያው አላስነሱትም፤ የዘይት ግፊት እስኪመጣ ድረስ በባዶ አስዞሩት። ከረጅም ዳገት በኋላ ከማጥፋትህ በፊት ነዳጅ ሳትሰጥ ትንሽ በሚኒሞ አቆየው፣ አለዚያ ዘይቱ በጋለው ዘንግ ላይ ይከስላል ብለው ወንድሜን መከሩት። የእጅ ዋጋቸውን የተቀበሉት መጀመሪያ በተስማማነው ልክ ነው። የወለቀውን ኮፒና የተቃጠሉትን ቀለበቶች በላስቲክ ቋጥረው ሰጡን።

ያንን ይዘን የአዲስ አበባው ጋራዥ ተመልሰን ገባን። ሥራ አስኪያጁ የለም ተባልን፤ ስልክም አያነሱም። ወንድሜ አሁንም ይመላለሳል። እናንተ ከውጭ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሦስት ፎቶ አስልኩ፤ የአሮጌው ቱርቦ፣ የአዲሱ ቁጥር ያለበት ሳህን፣ የወረደው ኮፓ ከነወንፊቱ። ኮፓውን አላወርድም የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ መኪናውን አስወጡ።