በፖት የሚሸጠው የጦስኝ ችግኝ ይገዛ ወይስ ይቅር?

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ፣ ከጽጌረዳውና ከጤናዳሙ ጎን፣ ጦስኝ በጥቁር ፕላስቲክ ተተክሎ ይገኛል። ለሻይና ለሽሮ የሚሆነውን ከደጁ መቁረጥ ለሚፈልግ ጥሩ ግዢ ነው። አፈሩ ሳይቀየር ከተተወ ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ክረምት አያልፍም።

መጀመሪያ የሚታየው ከየት እንደመጣ ነው። ጦስኝ የደጋና የውርጭ አገር ተክል ነው፤ በመንዝ፣ በአንኮበር፣ በባሌ ተራሮች ድንጋያማ ተዳፋት ላይ መሬት ለመሬት ተስቦ ይበቅላል። ለቃሚ በማጭድ ሲቆርጠው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ከነሥሩ ሲነቅለው ግን ቦታው ባዶ ይቀራል። አንዳንዱ "ችግኝ" እንዲያው ከተራራ ተነቅሎ ፖት ውስጥ የተሰካ ነው። ያንን ገዝቶ የተራራውን ጦስኝ አዳንኩ ማለት አይቻልም፤ ደግሞም ሥሩ ሲነቀል ስለሚበጣጠስ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። መለየቱ አይከብድም። የተነቀለው ግርጌው ወፍራምና እንጨታማ ነው፣ መሐሉ የሣር ሥር አለበት፣ ሳብ ሲያደርጉት ይላቀቃል። ከቁራጭ የተባዛው ቀጭን ግንድ አለው፣ ሳብ ቢደረግም አፈሩን ይዞ ይቀራል፣ ከፖቱ ቀዳዳ ነጫጭ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። ቁመቱ የረዘመና ቅጠሉ የተራራቀም አይመረጥ፤ ጥላ ውስጥ የቆየ ነው።

ትልቁ ጉድለት አፈሩ ነው። ለጽጌረዳ የተዘጋጀው ፍግ የበዛበት ጥቁር አፈር ለጦስኝም ይሞላል። ዋልካ ከሆነማ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል። ምልክቱ ያሳስታል፦ ቅጠሉ ውሃ የጠማው ይመስል ይጠወልጋል፣ ባለቤቱ ውሃ ይጨምርበታል፣ ተክሉም ያልቃል። ስለዚህ በተገዛ በሳምንቱ ይዛወር። 25 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ የተበሳ ፖት ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር፣ ከላይ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት። ከዚያ በላይ ማዳበሪያ ቅጠሉን ያሰፋዋል፣ ሽታውን ግን ያሳሳዋል። ፖቱ ሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ ሰሃን አይደረግ።

ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። በበጋ ጣት 3 ሳንቲሜትር ያህል ገብቶ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ይጠጣ። በክረምት ከጣሪያ ጠፈጠፍ ይራቅ እንጂ ቤት ውስጥ አይግባ። መሬት ላይ ለሚተክል ከፍ ያለ መደብ፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 30 ሳንቲሜትር።

ከሦስት አራት ወር በኋላ፣ ማበብ ሲጀምር፣ በመቀስ ይቆረጣል። ከአረንጓዴው አንድ ሦስተኛው ይቅርለት፤ ቅጠል የሌለው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ማድረቁ ጥላ ላይ ነው፣ ፀሐይ ላይ ጠረኑ ይተናል።

አንድ ችግኝ ከበቀለ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። የተሳበውን ቅርንጫፍ አፈር ላይ አስተኝቶ መሐሉን በትንሽ ድንጋይ መጫን ነው። ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ሥር ማውጣቱ ታይቶ ከእናቱ ይቆረጣል። ከዘር ማፍላት ግን አይመከርም፤ ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ተጠርጎ ይሄዳል።

አጠገቡ የሚሸጠው ኮሰረት ይህን ሁሉ ጣጣ አይፈልግም። ኮምፖስትና ውሃ ይወዳል፣ በጓሮ ሲለማ የኖረ ነው፣ 20 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ግማሹ ተቀብሮ ይጸድቃል። እዚህ ያለው ችግር የዝርያ ነው፦ ከሴ የሚባለው የዱሩ ዘመዱ በመልክ ይመስለዋል፣ ዕቃ ይታጠብበታል እንጂ ቅቤ አይነጠርበትም። ከመክፈል በፊት ቅጠሉን በጣት አሸት አድርጎ ማሽተት ነው፤ የተነጠረ ቅቤ ትዝ ካላለ ይመለስ።