የእርዳታ ስልክ ቁጥር፦ ከተማሪው መታወቂያ ጀርባ ወይስ ግድግዳው ላይ?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለቱም ሕግ ናቸው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ራስን ማጥፋትን የሚከላከለውን የስልክ መስመር ቁጥር ተማሪዎች መታወቂያ ላይ ያትማሉ። በኋላ ደግሞ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ የአእምሮ ጤና ፖስተር ይለጠፍ ተባለ። ታዲያ ትምህርት ቤቱ የትኛው ላይ ይበርታ?

ወጪ፦ መታወቂያው ድሮም የሚታተም ስለሆነ ጭማሪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፖስተሩም ርካሽ ነው፤ የሚጠፋው የሚያድሰው ሰው ነው።

ምስጢር፦ እዚህ ላይ መታወቂያው ይበልጣል። እኩለ ሌሊት አልጋ ላይ ሆኖ ካርዱን ገልበጥ አድርጎ ራስን ማጥፋትን ወደሚከላከለው መስመር፣ ወደ 988፣ መደወል ወይም ቴክስት ማድረግ ይቻላል። ጓደኞቹ በሚተላለፉበት ኮሪደር ቆሞ እንዲህ ያለ ፖስተር የሚያነብ ታዳጊ ግን ብርቅ ነው። መጸዳጃ ቤት በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ከተለጠፈ ሌላ ነገር ነው።

ይዘት፦ ካርዱ ከቁጥር ብዙም አያልፍም። ፖስተሩ የአማካሪዋን ክፍልና ሰዓት ይናገራል፣ ያውም ከተፈለገ በአማርኛ። አማካሪዋ ስትቀየር አንድ ወረቀት መለወጥ ነው።

ተማሪው መታወቂያውን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ከሆነ ካርዱ ይሻላል። መታወቂያ ቦርሳ ውስጥ የሚረሳበት ወይም እንግሊዝኛ ገና ያልለመዱ ልጆች የሚበዙበት ትምህርት ቤት ፖስተሩ ላይ ይበርታ።