«ዶፓሚን የሚጨምር» ካፕሱል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከጀርባው ያለውን ስቲከር ልጣችሁ እዩ

ንዴቴ ገና አልበረደም። በቴሌግራም «ከአሜሪካ የገባ ኦርጅናል፣ ዴሊቨሪ አለን» የሚሉትን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ቦሌ አካባቢ ሱቅ ያላት አንዷ ጋ ሄጄ ድካሜን ነግሬያት ሳልጨርስ «ዶፓሚንሽ ወርዶ ነው» ብላ (ዶፓሚን አንጎላችን ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል ነው) ሙኩና ከሚባል ባቄላ መሰል ተክል ፍሬ የተሠራ ካፕሱል አወጣች። 4,800 ብር። ማስረጃ አለው ወይ ስላት ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ዘረጋችልኝ፤ «ለንደን በሳይንስ የተረጋገጠ»።

ጥናቱስ አለ፣ በ2004 የታተመ ነው። ግን የተሠራው ፓርኪንሰን የሚባለው፣ ሰውነት የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴ የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም ያለባቸው 8 ሰዎች ላይ ነው፤ የተሰጣቸውም 15 እና 30 ግራም ዱቄት። የኔ ካፕሱል 400 ሚሊግራም! 30 ግራም ለመሙላት 75 ፍሬ በአንዴ መዋጥ ሊኖርብኝ ነው። ሙኩና ውስጥ ያለው ሌቮዶፓ፣ ማለትም አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚቀየረው ንጥረ ነገር፣ ሐኪሞች ለፓርኪንሰን የሚያዙት መድኃኒት ነው፤ ሥራ ለደከመው ጤነኛ ሰው ይረዳል የሚል ነገር ጥናቱ ውስጥ የለም።

ይህን ይዤ ተመለስኩ። እኔ አስረዳለሁ፣ እሷ ስልኳን ትነካካለች። ጠርሙሱን ሳገላብጥ የሱቋ ስቲከር ጠርዙ ተነስቷል። በጥፍሬ ላጥኩት። ከሥሩ ምን ወጣ መሰላችሁ? በደቃቅ እንግሊዝኛ፣ «ይህ አባባል በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አልተገመገመም፤ ምርቱ የትኛውንም በሽታ ለማከም ወይም ለመፈወስ የታሰበ አይደለም» የሚለው። ጠርሙሱ ላይ ስንት ባዶ ቦታ እያለ ልክ እዚያች ላይ ስልክ ቁጥሯን ለጥፋበታለች!

ትደነግጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀና አለችና «የኔ እናት፣ ስቲከሩን ከላጥሽውማ አንመልስም» አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ልጅ አፏን ይዛ ሳቀች። ያንኑ ወረቀት ለሌላ ሰው ዘረጋችለት፣ እኔ እዚያው ቆሜ! ሰውዬው ደግሞ ለእናቱ ሊገዛ ነው የመጣው።

ብሬ ቀረ። የፓርኪንሰን ወይም የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ሲደረብ አደገኛ ነው። መጠኑንም ከጠርሙሱ ላይ አንብባችሁ እንዳታምኑ፦ በ2022 አሜሪካ ውስጥ 16 ምርቶች ሲመረመሩ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ሌቮዶፓ ከ2 እስከ 241 ሚሊግራም ሲለያይ ነው የተገኘው።