ለየካ አባዶው ፀጉር አስተካካይ ከልብ አመሰግናለሁ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ወጣት ፀጉር አስተካካይ አለ። ስሜን እንዳትጽፊ ብሎኛል፣ አልጽፍም። ምስጋናዬን ግን ዋጥ አድርጌ መቀመጥ አልቻልኩም።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለው። ንግግሩ ጥቂት ነው፤ የታክሲ ታርጋ ግን አንዴ ካየ አይረሳም። የቶንዶስ ድምፅ በጣም ያስጨንቀዋል። ብዙ ኦቲዝም ያላቸው ልጆች እንዲህ ናቸው፤ እኛ ልብ የማንለው ድምፅ እነሱን ያማቸዋል። ብልግና አይደለም። የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም።

ከዚህ በፊት የሄድንባቸውን ፀጉር ቤቶች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ «ያዢው እንጂ!» ተባልኩ፤ ልጄ ግማሽ ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ ግማሹ ቀርቶ ወጣን። ሌላው «ደንበኛ ይሸሽብኛል፣ ማታ ልዘጋ ስል ኑ» አለን። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችማ አይነሱ! «አላሳደግሽውም»፣ «የያዘው ነገር አለ፣ ጸበል ውሰጂው»፣ «ምስኪን፣ ምን ነክቶት ነው?» ይህ ሁሉ ልጁ ቁጭ ብሎ እየሰማ ነው። የማይናገር ልጅ የማይሰማ ይመስላቸዋል።

ልጄ ደግሞ የሰማውን ይደግማል። አንድ ሰሞን መስታወት ፊት ቆሞ «ረባሽ ልጅ፣ ረባሽ ልጅ» ይል ነበር። በዚያው በሰዎቹ ቁጣ፣ በዚያው ድምፅ። ስለ ራሱ የሚያውቀው ቃል ያ ሆነ። እንዴት እንዳንገበገበኝ የወለደ ያውቀዋል።

እዚህ ፀጉር አስተካካይ ጋ ጎረቤቴ ናት የላከችኝ። ስንገባ እኔን «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቁጢጥ ብሎ ልጄን «እንዴት ነህ ጎበዝ? የቱ ወንበር ይሻልሃል?» አለው። ልጄ ቶንዶሱን ሲያይ ጆሮውን ያዘ። ወዲያው ከሶኬቱ ነቀለውና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «አንተ እሺ ሳትል አላበራውም። እጅህን ካነሳህ አቆማለሁ» አለው። ልጄ አገላብጦ አየው፣ ሸተተው፣ መለሰለት። ሥራው በመቀስ ተጀመረ። እጁን ባነሳ ቁጥር መቀሱ ቆመ። ባነሳ ቁጥር! አንዴም አልተቆጣም፣ አንዴም «በቃ ትንሽ ነው የቀረው» ብሎ አላታለለውም።

ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ «አይ ምስኪን፣ አይናገርም እንዴ?» አለ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሳያስቀምጥ «ወንድሜ፣ እሱ ይሰማሃል። ጥያቄ ካለህ ራሱን ጠይቀው» አለው። በአክብሮት ነው ያለው። ሰውዬው ዝም አለ፤ እኔ እንባዬ መጣ።

ስንወጣ እንደ ልማዴ «ይቅርታ፣ አስቸገርንህ» አልኩት። «እህቴ፣ ምን አስቸገራችሁኝ? ፀጉር ነው የቆረጥኩት» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያፈጥብን «ይቅርታ፣ ችግር አለበት» አልልም። «ልጄ ኦቲዝም አለው፣ ጫጫታ ይከብደዋል» እላለሁ፣ ቀና ብዬ። ልጄም ቤት ፀጉሩን ሳበጥረው እጁን አንስቶ «አቁም» ይለኛል። አቆማለሁ።

ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያ በፊት የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ያስተምሩ ነበር። የኦቲዝም ልጅ እናትም ነበሩ። ይህን ወጣት ባዩት እንዴት ደስ ባላቸው እላለሁ።

በየዓመቱ መጋቢት 24 የዓለም ኦቲዝም ቀን ሲሆን ብዙ ይወራል። ጥሩ ነው፣ ይወራ። ግን ልጃችንን እንደ ሰው የሚያናግር ባለሙያ ስናገኝ ደግሞ እንጠቋቆም። እባካችሁ፣ አያት፣ ጣፎ፣ ለገጣፎ ያላችሁ ወላጆች፣ ሂዱለት። ኦቲዝም ያለው ልጅ የሌላችሁም ሂዱለት፣ እጁ ጥሩ ነው፣ ይበርታልን። ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ።

በበዓል ዋዜማ ግን አትሂዱ፣ ሰው ይበዛል። የሥራ ቀን ጠዋት ጸጥ ይላል። ልጃችሁ የሚወደውንና የማይወደውን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ልጁ ራሱ መናገር ወይም ማሳየት ከቻለ ግን እሱ ይንገረው። ይጠብቀዋል።